«ውሃ ችግር የለም» ከተባልሽ ጣሪያው ላይ ውጪና እዪ

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ነርስ ነኝ። ከደብረ ታቦር ተዛውሬ ጎንደር ሥራ ጀምሬያለሁ፤ ለጊዜው አዘዞ አክስቴ ዘንድ ነኝ። ከታናሽ እህቴ ጋር የምንኖርበት ቤት ስፈልግ ከፒያሳ ወደ አራዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለ ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት አገኘሁ። ኪራዩ በወር 9,000 ብር ነው። አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ፤ ምጣድ አይቻልም፣ ውሃ ግን ችግር የለም ብለውኛል። ምድር ቤቱ ምግብ ቤትና ግሮሰሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ቤቱን ያየሁት ባለፈው እሑድ ከሰዓት ነው፤ ጸጥ ያለ ነበር። ደላላው ሌላ ሰው ስላለ ዛሬውኑ ቀብድ አስይዢ እያለ ያጣድፈኛል። ልያዘው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ እህታችን፣ ዛሬ ቀብድ አታስይዢ። ከጻፍሽልን ውስጥ ቤቱን መጥፎ የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ግን እስካሁን ያየሽው ግድግዳውንና ንጣፉን ብቻ ነው። መሀል ከተማ የተከራየ ሰው ምሬቱ የሚጀምረው ከውሃው፣ ከቆጣሪውና ከውጪው በር ነው። እነዚህን ሦስቱን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃሻል።

ቀብድ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ሁለት ሺህ ብር አስይዘሽ ነገ ቧንቧው ደረቅ ሆኖ ብታገኚው፣ «ብሬ ከሚቀር» ብለሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትገቢያለሽ። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቤቱ እንዳያመልጥሽ ሰግተሽ የግድ የምታስይዢ ከሆነ ገንዘቡን በደላላው እጅ አትስጪ፤ በአከራይዋ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ አስገቢ። በወረቀትም «ውሃና መብራቱ ተፈትሾ፣ የባለቤትነት ሰነዱ ታይቶ ካልተስማማን ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍልሽ። ይህቺን አንድ መስመር የማይጽፍ ሰው ቤቱን ለዚያ «ሌላ ሰው» ይስጠው።

አሁን ወደ ውሃው። ጎንደር ውሃ የምታገኘው በዋናነት ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች ነው። ግድቡ ደለል ገብቶበታል፣ ከተማው ደግሞ ከውሃው ቀድሞ አድጓል፤ ስለዚህ ውሃ የሚደርሰው በፈረቃ ነው። በዚህ ከተማ «ውሃ ችግር የለም» ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ «ግቢው የቧንቧ መስመር አለው» ማለት ነው፤ ሌላው «ፈረቃው ባልሆነበት ቀን ከማጠራቀሚያ ትጠቀሚያለሽ» ማለት ነው። አንቺ የጠየቅሽው ሁለተኛውን ነው፤ የተመለሰልሽ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። አከራይዋ ዋሹ ማለታችን አይደለም፤ ጥያቄው ነው የላላው።

እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «እትዬ፣ ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በስንት ቀን ነው? ከዚያ በፊትስ? ሲመጣ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ቀን ቆጥረው ካልነገሩሽ ምድር ቤት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሻይ አዝዘሽ ሳህን አጣቢዋን ጠይቂ። እሷ ውሃ የመጣበትን ቀን አትረሳም።

ከዚያ ስሌቱን ሥሪ። ሁለት ሰው ተጠንቅቆ ሲጠቀም፣ ሽንት ቤቱንና ልብስ አጠባውን ጨምሮ፣ በቀን 100 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ማለት ነው። ውሃ በስምንት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ ለእናንተ ብቻ 800 ሊትር መቀመጥ አለበት። ሕንፃው በየፎቁ ሁለት ቤት ካለው ስድስት ቤት ነው። ጣሪያው ላይ 3,000 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች ቢኖሩ ለአንድ ቤት 1,000 ሊትር ይደርሳል፤ ያዘልቃችኋል። ግን ምግብ ቤቱም ከዚሁ ሮቶ የሚቀዳ ከሆነ ስሌቱ ፈረሰ። ድስትና ሰሃን ሲታጠብ የሚውልበት ቤት የስድስታችሁን ድርሻ በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። «የምግብ ቤቱ ማጠራቀሚያ ለብቻው ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ እንደኛ እምነት፣ ከኪራዩ ዋጋ ይቀድማል።

መልሱን በጆሮሽ ብቻ አትመኚው፤ ጣሪያው ላይ ውጪ። ሮቶውን ከላይ ወደ ታች በጣትሽ አንኳኪው፤ ባዶው ክፍል ይጮኻል፣ ውሃ ያለበት ይደነቁራል፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ የውሃው ልክ ነው። ከሥሩ የሚወጡትን ቧንቧዎች ተከተያቸው። አንድ ቧንቧ ወጥቶ ለሁሉም የሚከፋፈል ከሆነ፣ ታች ያሉት ሲከፍቱ የናንተ ይቀጥናል። ሦስተኛ ፎቅ ለሮቶው ቅርብ ነው፤ ቅርብ መሆኑ ደግሞ እዚህ ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታ ነው፤ በአንድ ሜትር 0.1 ባር ገደማ። ሮቶው ከመታጠቢያሽ በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.2 ባር ነው፤ አንደኛ ፎቅ ያለው ጎረቤትሽ ከሱ በብዙ እጥፍ ያገኛል። በዚህ ግፊት ውሃው እየፈሰሰ የሚያሞቀው ዓይነት ሻወር ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ተጠራቅሞ የሚሞቅበት ቦይለር ግን ይሠራል። ቦይለር ካለ፣ ውሃ ሲጠፋ የተጠራቀመው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ መኖሩን የቧንቧ ሠራተኛ ይይልሽ፤ ባዶ ቦይለር ላይ መብራት ሲበራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ወደ ቤቱ ስትገቢ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይዘሽ ግቢ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍተሽ በስልክሽ ሰዓት ያዢ። በ20 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር ነው፤ መልካም። 40 ሰከንድ ከወሰደ ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል፣ ለሻወር አይሆንም። ከዚያ ሻወሩንም ከፍተሽ እንደገና ለኪ፤ ሽንት ቤቱን ልቀቂና ገንዳው በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ እዪ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ውሃው ጣሪያ ላይ የሚወጣው እንዴት ነው? የጂ ፕላስ 3 ጣሪያ ላይ ለመድረስ 13 ሜትር ያህል መውጣት አለበት፤ የመንገዱ መስመር ይህን የሚችለው ግፊቱ ሲበረታ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ሰው ሲተኛ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሕንፃ መሬት ላይ ታንከር አለው፤ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና በፓምፕ ይወጣል፤ ዲናሞ የሚሉት ማለት ነው። ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ማብሪያው ማን ጋ ነው? ዘበኛው ጋ ከሆነ ዘበኛው ዕረፍት ሲወጣ ማን ያበራዋል? የፓምፑ መብራት ከማን ቆጣሪ ይቆረጣል? ይህን የሚያነሳ ተከራይ ጥቂት ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፤ አንቺ አንሺው።

መልሱ ደካማ ሆኖ ቤቱን ግን ከወደድሽው፣ ውሃውን በብር ተምኚው። በወር 150 ጀሪካን ነው። ሰፈሩ ውስጥ አንዱ ጀሪካን 10 ብር ቢሸጥ ወጪሽ 1,500 ብር ነው፤ ቤቱም የ10,500 ብር ቤት ሆነ፣ ያውም ባለ 20 ኪሎውን ሦስት ፎቅ ማን ያወጣዋል የሚለውን ሳንቆጥር። ኪራይ ለማስቀነስ ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ የለሽም።

ምጣዱን በሚመለከት አከራይዋ ክፋት አስበው አይመስለንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ተራ ሶኬት በባለ 2.5 ሽቦ ተስቦ እስከዚሁ 16 አምፔር ድረስ የሚሸከም ነው፤ በዚያው መስመር ምድጃ ሲጨመርበት መጀመሪያ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ሽቦው ይግላል። ብሬከሩ በትልቅ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ እሱ ሳይወርድ ሽቦው ይቃጠላል። ምጣድ የሚፈልገው የራሱን መስመር ነው፤ ከብሬከር ሳጥኑ ድረስ በባለ 4 ሽቦ የተሳበ፣ ባለ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ያለው። ወጥ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ካለ ክልከላው የሽቦ ጉዳይ አይደለም፣ የክፍያ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ቆጣሪውን እዪ።

ምድር ቤት ያለው ሳጥን ውስጥ ስንት ቆጣሪ፣ ስንት በር? ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ተጋርታችኋል ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ፤ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። ለብቻችሁ በወር 80 ብትጠቀሙ ሁለተኛው እርከን ላይ ናችሁ። ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ እኩል 80 ሲጠቀም ግን 480 ይሆናል፤ ሁላችሁም በውድ ዋጋ ትከፍላላችሁ። «መብራት ለስድስት ይካፈላል» ሲባል የሚያስከፍለው ጎረቤት አባከነ ብቻ አይደለም፣ አንድ ላይ መደመሩ ራሱ ነው። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየቤቱ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ካለ ቢያንስ ድርሻችሁ ይታወቃል። ይህ ካለ ለአከራይዋ እንዲህ በያቸው፦ «እትዬ፣ የምንጋግረው በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ነው፤ በቆጣሪው ልክ እንከፍላለን።» ሁለት ሰዓት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 30 ገደማ። እምቢ ካሉ አትጨቃጨቂ፤ ለሁለት ሰው እንጀራ መግዛት ቤት የሚያስለቅቅ ጉዳይ አይደለም። ቆጣሪው በወር የሚከፈልበት ከሆነ ግን የመጨረሻውን ደረሰኝ ሳታዪ አትፈርሚ፤ ውዝፍ ያለበት ቆጣሪ የሚቆረጠው አንቺ ከገባሽ በኋላ ነው።

ጸጥታው። ቤቱን ያየሽው በዐቢይ ጾም፣ በእሑድ ከሰዓት ነው፤ ጎንደር ከዚህ በላይ ጸጥ ብላ አታውቅም። በጾም ግሮሰሪው ይቀዘቅዛል፣ የአዝማሪ ቤቱ ማሲንቆ ይሰቀላል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ያለውን አርብና ቅዳሜ አሁን ሄደሽ ልታዪው አትችይም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩትን አንኳኪና «በፍስክ ማታ ማታ እንዴት ነው?» በያቸው። ለአንቺ ግን ከማታው ይልቅ ቀኑ ይከፋል። ከሌሊት ተራ ስትመለሺ የምትተኚው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ምግብ ቤቱ የሚንጫጫው፣ ባጃጁ ጡሩምባ የሚነፋው ያኔ ነው። በሥራ ቀን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መኝታ ቤቱ ውስጥ መስኮት ዘግተሽ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። መኝታው ወደ ጓሮ ከሆነ ትችይዋለሽ፤ ወደ መንገዱ ከሆነ ለአንቺ ሥራ አይሆንም፤ ሳሎኑን መኝታ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እዪ። የምግብ ቤቱ ጄኔሬተርና የጭስ መውጫው በየትኛው መስኮት ሥር እንደሆነም ተመልከቺ። የጥር 10 እና 11ን ግርግር አናነሳም፤ ያን ሰሞን ከፒያሳ ዳር ቤት ያለው ሰው ዘመዱ ሁሉ ይበዛል። ሮቶውን ቀድመሽ አስሞይው።

ዝናቡን አሁን ማየት አትችይም፤ ምልክቱን ግን ትችያለሽ። ከጣሪያ በታች የመጨረሻው ፎቅ ነሽ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ካለ፣ ወይም ከሌላው ቦታ ተለይቶ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ዝናቡ ክረምቱን እዚያ አሳልፏል። በነገራችን ላይ መጋቢት ቤት ማየት አንድ በጎ ነገር አለው፦ ዓመቱ ውስጥ ውሃ የሚያጥርበት ጊዜ ስለሆነ፣ አሁን የሚበቃ ማጠራቀሚያ በክረምት አያሳፍርሽም።

የስድስት ወሩ ነገር 54,000 ብር ነው። በሁለተኛው ወር ውሃው ቢነጥፍ ወይም ሥራሽ ቢዛወር 36,000 ብርሽ እሳቸው ጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፓምፕ አሠሩልኝ የምትይበት አቅም የለሽም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲሆን ያዛል። በክልል ከተሞች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ፣ ሰፈሩ ያለበት ክፍለ ከተማ የቤቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የውል ቅጽና ምዝገባ እንዳለ ጠይቂ። አዋጁን ግን ይዘሽ አከራይዋ ፊት አትወዝውዢው። ከሳቸው ጋር በአንድ ደረጃ ስትወጡ ስትወርዱ ልትኖሩ ነው። «እትዬ፣ ደመወዝተኛ ነኝ፤ የሁለት ወር 18,000 ብር አሁን፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን በባንክ አስገባለሁ» በያቸው። ብዙ አከራይ ስድስት ወር የሚጠይቀው ተከራይ ይጠፋብኛል ብሎ ነው፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያሽ ከማንም የተሻለ ዋስ ነው። ከዚህ አልፈው ሦስት ወር ካሉ፣ «ያልተኖረበት ወር ኪራይ ይመለሳል» የሚል መስመር ይግባበት።

የሚያከራዩት ሴትዮ የቤቱ ባለቤት መሆናቸውን ካርታውንና መታወቂያቸውን አስተያይተሽ እዪ። በፒያሳና በአራዳ ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት የዞሩ ቤቶች አሉ፤ ቤቱን የሚያሳይሽ ሰው ራሱ ተከራይ ሊሆን ይችላል። በወኪል ከሆነ ውክልናው «ማከራየትና ኪራይ መቀበል» የሚሉትን ቃላት መያዙን እዪ። «ለግብሩ እንዲቀለን ውሉ ላይ 5,000 ብለን እንጻፈው» ከተባልሽም እሺ አትበይ፤ በሐሰት ውል መፈረም ነው፤ ደግሞም ተጣልታችሁ ቅድሚያ የከፈልሽውን ስትጠይቂ ወረቀቱ የሚመሰክርልሽ በ5,000 ልክ ነው።

ውሉ ላይ ኪራዩ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ፤ የተከፈለው ገንዘብ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚሸፍን፣ ለምሳሌ «ከሚያዝያ 1 እስከ ግንቦት 30»፣ ይገለጽ። ጳጉሜን ለብቻ እንደማይታሰብ ይጻፍ፤ ለአምስት ቀን ብር ሰው ከሰው መጣላቱ ያሳዝናል። የእህትሽ ስም ይግባ፤ አለበለዚያ «ሰው ጨመርሽ» ተብሎ ኪራይ ይጨመርብሻል። መያዣ የሚባል ገንዘብ ካለ ከቅድሚያ ክፍያው ተለይቶ ይቀመጥ። የውሃውም መስመር ይኑር፦ «ፓምፑ ወይም ማጠራቀሚያው ሲበላሽ አከራይ በሦስት ቀን ውስጥ ያሠራል፤ ካላሠራ ተከራይ አሠርቶ ወጪውን በደረሰኝ ከኪራይ ይቀንሳል።» ሁለት ምስክር ይፈርም፤ አንዱ ደላላው ቢሆንም ሌላው ያንቺ ሰው ይሁን።

ቁልፍ በተቀበልሽበት ቀን፣ ዕቃ ሳይገባ፣ ከመግቢያው ጀምረሽ ቤቱን በስልክ ቅረጪ፤ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የቆጣሪው ቁጥር ሁሉም ይግባ፤ ለአከራይዋ ወይም ለልጃቸው በቴሌግራም ላኪው፤ ቀኑ በራሱ ይመዘገባል። የበርሽን ቁልፍ ሲሊንደር ቀይሪና አሮጌውን አስቀምጪው፤ ስትወጪ መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ። የውጪው በር ቁልፍ በእጅሽ እንዲኖር ገና ስትዋዋሉ ተነጋገሪ፤ ከተቀበልሽም ተረኛ ከመሆንሽ በፊት ባለ አንድ ምሽት ከውጭ ሆነሽ ሞክሪው። ዘበኛው ከውስጥ መቀርቀሪያ የሚጥል ከሆነ ቁልፉ ብቻውን አይከፍትልሽም።